የእንግሊዝ ባላገሮችና የእናቴ ቋንቋ

የእንግሊዝ ባላገር ቋንቋውን ለምን አልተወም? ይህን ጥያቄ ከተማሪነቴ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። አስተማሪ ሆኜም ለተማሪዎቼ ስመልሰው ኖሬያለሁ፤ ለራሴ ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። ንጉሡ ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ዳኛው በፈረንሳይኛ ይፈርዳል፤ ቄሱ በላቲን ይቀድሳል። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ እንዲህ ተኖረ። ያ ባላገር ልጁን ከሰው እኩል ለማድረግ፣ በአደባባይ ላለመዋረድ ሲል የጌቶቹን ቋንቋ ቢወስድና የራሱን ቢጥል ማን ይፈርድበት ነበር? አልጣለም። እኔ ግን ከአንዲት እናት ወደ አንዲት ልጅ ሲሻገር መንገድ ላይ የቀረ ቋንቋ አውቃለሁ። እናቲቱ የእኔ እናት ናት፤ ልጅቱም እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤት የገባሁት ሌላው ሰው በሚወጣበት ዕድሜ ነው። አባቴ የደንቢያ ሰው ነበር፤ በጣልያን ጊዜ ዱር እንደገባ ቀረ። ዘመዶቹ እኔን ወደ ቆላ ድባ ወሰዱኝና ከአንድ ቄስ ዘንድ ዳዊት እስክደግም አስተማሩኝ፤ ዳዊቱን እንደጨረስኩ ዳሩኝ። ትዳሩ አልሰነበተም። የማውቀው ነገር ቢኖር ንባብ ብቻ ሆኖ ወደ ጎንደር፣ እናቴ ዘንድ ተመለስኩ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔዎች ትሸጥ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ያኔ ሴት ልጆችን በልመና ነበር የሚሰበስበው፤ እኔን ሲያዩኝ ግን ዳይሬክተሩ ራሳቸውን አከኩ። ዳዊት አንብቢ አሉኝ፤ አነበብኩ፤ ተቀበሉኝ።

ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያሉት ልጆች እግራቸው መሬት አይነካም ነበር። «እማሆይ» የሚል ስም አወጡልኝ። «እማሆይ፣ ዛሬ ጾም ነው አይደለም?» እያሉ ምሳዬን ይደብቁብኛል። አልቆጣም። ሰሌዳ ላይ ሲሳሳቱ ግን ሳላርም ማለፍ አልችልም ነበርና ቀስ በቀስ መደበቁን ተዉት። ክፍል በክፍል እየዘለልኩ፣ እነሱን እየቀደምኩ ሄድኩ።

ከፍ ካለው ክፍል ስደርስ እንግሊዝኛ የሚያስተምረን አንድ ህንዳዊ ነበር። ብርድ የማይችል፣ በሰኔ ወር ሁለት ሹራብ ደርቦ የሚገባ ሰው ነው። ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ ሲደበድበው ድምፁ ስለማይሰማ መጽሐፉን ዘግቶ ሰሌዳው ላይ ይሥላል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል የሣለውን ያስረዳናል። እንደዚህ ባለ ቀን ነው የእንግሊዝኛን ታሪክ የሰማነው።

ደሴት ሣለ። እኔ የማውቀው ደሴት የጣናን ብቻ ነውና እንግሊዝን ዛፍ የዋጣት ገዳም አድርጌ ነበር ያየኋት። ከምሥራቅ በኩል ቀስት አደረገ፤ ከባሕር ማዶ የመጡ፣ ጦርም እርሻም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋውን ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው አለን። ቀጥሎ ከሮም በኩል መነኮሳት ላቲንን ከነፊደሉ ይዘው ገቡ። ከሰሜን ደግሞ በመርከብ ዘራፊዎች መጡ፤ ዘርፈው ግን ሁሉም አልተመለሱም፤ አግብተው፣ አርሰው፣ ጎረቤት ሆነው ቀሩ፤ ቃላቸውም አብሯቸው ቀረ። በመጨረሻ ከደቡብ አንድ ወፍራም ቀስት አሰመረ። ፈረንሳይኛ የሚናገር መስፍን ባሕሩን ተሻግሮ ዘውዱን ወሰደ።

ከዚያም ፈረንሳዮቹ ከመምጣታቸው በፊት ይነገር ከነበረው እንግሊዝኛ ጥቂት መስመር በቃሉ አሰማን። አንዲት ቃል እንኳ አልለየንም። ከመካከላችን ድቁናውን ትቶ የመጣ አንድ ጎረምሳ ነበር። ዞር ብሎ፣ «ገባችሁ? ይሄ የእንግሊዝኛው ግእዝ ነው» አለን። ሁላችንም ገባን። እኔ እንዲያውም ነገሩ እንዳይጎድል ብዬ እጄን አወጣሁ።

«ዛሬ የሚቀደስበት በየትኛው ደብር ነው?» አልኩ፤ እንግሊዝኛዬ በፈቀደልኝ መጠን።

መምህሩ አልገባውም። ዲያቆኑ ሊያግዘኝ ተነሣ። ይህን ቋንቋ የሚያዜሙት ሊቃውንት የት እንደሚገኙ፣ ለመማር የሚሻ ሰው ከየትኛው መምህር ደጅ እንደሚወድቅ ነው የምትጠይቀው አለ። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ማንም አያዜመውም። ተራ ሰዎች ሲናገሩት ሲናገሩት እየተለወጠ የዛሬውን ሆነ፤ ያ ነው ይሄ።»

«ታዲያ ያለ ደብተራ ማን ጠበቀው?» አለ ዲያቆኑ።

«ማንም አልጠበቀውም።»

ክፍሉ ቅር አለው። መምህሩ ለምን ቅር እንዳለን አላወቀም። እኛ አገር ጥንታዊ ቋንቋ ማለት ደብር ያለው፣ ዜማ ያለው፣ እህል ለምኖ የሚማረው ተማሪ ያለው ነው። በቤት ውስጥ ብቻ የሚነገረው፣ በብራና ያልሰፈረው፣ ለእኛ ቋንቋ ሳይሆን እንዲሁ ወሬ ነበር። የእንግሊዝኛ ጥንት እንዲህ ያለ የቤት ወሬ ከሆነ፣ እንግዲያው እናቴና አክስቴ በር ዘግተው የሚያወሩትስ? ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ይህ ሐሳብ አብሮኝ ወጣ።

እናቴ የጭልጋ ቅማንት ናት። እሷም እህቷም ክርስትና የተነሡ ናቸው፤ ይጾማሉ፣ ይሳለማሉ። አክስቴ ግን በገበያ ቀን ከጭልጋ ስትመጣ፣ ሸክሟን አውርዳ ውሃ ከጠጣች በኋላ እናቴ ተነሥታ በሩን ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ እናቴን አላውቃትም። በአማርኛ ቃል ቆጥባ የምትናገረው ሴት በዚያ በሌላው ቋንቋ ለፍላፊ ነበረች። ትሥቃለች፤ አክስቴን ታቋርጣታለች፤ የሰው አካሄድ እያስመሰለች ታስቃታለች። እንዝርቷ እንኳ ያን ቀን የሚሾረው በሌላ ፍጥነት ነበር። እኔ ገብቼ ስቀመጥ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ ጨዋታውም እዚያው ይሞታል። ከዚያ ሁሉ እኔ የለቀምኩት ውሃን የሚጠሩበትን ቃል ብቻ ነው፤ በፊደላችን ስጽፈው ወደ «አኹ» ይጠጋል።

በሩን የምትዘጋው ለአንዲት ጎረቤታችን ብላ ነው። ግድግዳ እንጋራለን። በሰፈሩ ልቅሶ አውጪ እሷ ናት፤ ግጥሟ ድንጋይ ያስለቅሳል ይባልላታል፤ ምላሷ ግን ለሙት ብቻ የሚገጥም አልነበረም። እናቴ ጎንደር በገባች ሰሞን፣ እንጨት ተሸክመው ከጭልጋ መንገድ የሚመጡ ሴቶች በዚያው ቋንቋ እያወሩ በደጃችን ሲያልፉ ጎረቤታችን ከደጇ ላይ ሆና፣ «እስቲ ስሟቸው፣ ወፍ አይመስሉም!» ብላ የሴቱን ሁሉ ሣቅ አፈሰሰችው። እናቴ አብራ ሣቀች። እኔ ይህን የሰማሁት ከአክስቴ ነው። «እናትሽ ከሣቀች ወዲህ በሩን ትዘጋለች» አለችኝ።

የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ መምህራችን በሬ ሣለ። በሬው ሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ የባላገሩ ስም አለው፤ ታርዶ ከጌታው ገበታ ላይ ሲቀርብ የፈረንሳይ ስም ያወጣል፤ በጉም እንዲሁ ነው አለን። የሚያረባው በአንድ ቋንቋ፣ የሚበላው በሌላ። ዲያቆኑ ተነሥቶ፣ «በእኛም አገር ያው ነው፤ በሬው በበረት አማርኛ ነው፤ አለቃ ሲባርኩት ግእዝ ይሆናል፤ እኛ ጋ ሲደርስ አጥንት ነው» አለ። መምህሩ ሲተረጎምለት እንባው እስኪመጣ ሣቀ።

ሣቁ ሲበርድ ያቺን ጥያቄ ጠየቅሁ። ለምን አልተዉትም? መልስ ሰጠኝ፤ አንድ ሳይሆን ብዙ። ባላገሩ ብዙ ነው፣ ጌቶቹ ጥቂት ናቸው አለ። የጌቶቹን ልጆች የሚያሳድጉ ሞግዚቶች የአገሬው ሴቶች ነበሩና ልጆቹ ከሞግዚቶቻቸው አፍ ለመዱ አለ። ጌቶቹ በፈረንሳይ የነበራቸውን ርስት ሲያጡ ፈረንሳይኛው ሥር አጣ፤ መቅሠፍት መጥቶ ብዙ ሰው ሲያልቅ የተረፈው ሠራተኛ ዋጋ አገኘ፣ ቋንቋውም አብሮ ዋጋ አገኘ አለ። ሁሉንም ጻፍኩ። ቤቴ ስደርስ አንድ በአንድ መዘንኳቸው። በጭልጋም ባላገሩ ብዙ ነው። የአባቴ ዘመዶች እስኪወስዱኝ ድረስ እኔንም ያሳደገችኝ ሞግዚት ሳትሆን የወለደችኝ እናት ናት። ታዲያ ከእሷ አፍ ወደ እኔ አፍ ለምን አልመጣም?

ጥጡን ስታባዝት ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ከአክስቴ ጋር የምትነጋገሩበትን አስተምሪኝ።»

«ምን ልትሆኚበት?»

«ላውቀው ነዋ።»

«እንግሊዝኛሽን እወቂ። እሱ እንጀራ ይወጣዋል። ይሄ ምን ይወጣዋል? የእንጨት ተሸካሚ ልጅ ያሰኝሻል።»

የእንግሊዝን ባላገሮች ነገር ነገርኳት። ከንጉሡ ጀምሮ ሹሙ ሁሉ ሌላ ቋንቋ ሲናገር ባላገሩ የራሱን ይዞ መቆየቱን፣ በመጨረሻም ንጉሡ ራሱ ወደ ባላገሩ ቋንቋ መመለሱን። ሥራዋን ሳታቆም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እንግዲያው ጎረቤት አልነበራቸውም» አለች።

«ኧረ ነበራቸው፤ መንደር ለመንደር ነው የሚኖሩት።»

«አልነበራቸውም እልሻለሁ! ንጉሥ ምን ያደርግሻል፤ ንጉሥ እሳት ሊጭር ቤትሽ አይመጣ። ቋንቋ የሚያስጥል ጎረቤት ነው።» ከዚያ ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለማንም እንዳትናገሪ። ትምህርትሽም፣ ደግሞ የሚያገባሽ ሰው ቢመጣም፣ በእኔ ምክንያት እንዲበላሽ አልሻም። ማይልኝ።»

ማልኩላት። መምህሩም በኋላ የእናታችሁ ቋንቋ ምንድን ነው ብሎ እያንዳንዳችንን ሲጠይቅ፣ አማርኛ ብዬ ተቀመጥኩ። እርሱም የራሱን ነገረን፤ ለካ እንግሊዝኛ ለእርሱም የትምህርት ቤት ቋንቋ ነበር። አገር ቤት ካለችው እናቱ ጋር የሚነጋገረው በሌላ ነው። ሰምተነው የማናውቀውን ስም ጠራልን፤ ልጆቹ ሣቁ፤ እርሱ ግን ምንም አልመሰለውም። ቀናሁበት።

ዓመታት አለፉ። እኔም እዚያው ከተማ አስተማሪ ሆንኩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ደሴቷን እሥላለሁ፤ ቀስቶቹን አደርጋለሁ። አክስቴ መጀመሪያ በእግሯ፣ በኋላም በጭነት ማኪና ላይ ተንጠልጥላ መምጣቷን አላቋረጠችም። እሷ ስትመጣ በሩ ይዘጋል፤ ስትሄድ ይከፈታል። በእናቴ ውስጥ ያለችው ሌላዋ ሴት በአንዲት ሰው ላይ ብቻ ተንጠልጥላ እንደቀረች አላስተዋልኩም ነበር።

አክስቴ ሞተች።

መልእክተኛው ከሰዓት በኋላ ደርሶ ነበር፤ መርዶ ግን ለባለቤቱ በማለዳ ነውና የሚነገረው፣ እናቴ ያን ምሽት እራቷን በልታ ተኛች። ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃችን ሞላ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተናገሩ። እናቴ ብድግ አለች፤ እጇን አናቷ ላይ አደረገች፤ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። አፏን ገጠመችና ተቀመጠች።

በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ዝም አይልም። የሙቷን ውለታ እያነሣ፣ በስሟ እየተጣራ ያወጣዋል፤ ልቅሶ አውጪዋ ግጥሙን ታቀብላለች፤ እሱ ይቀበላል። ጎረቤታችን ከመካከል ቆማ እንዲህ አለች፤

«ከጭልጋ ሰው መጥቶ አንኳኳ ከደጅሽ፣
እስቲ ተናገሪ፣ የት ሄደች እህትሽ?»

ሴቶቹ አነቡ። ሁሉም እናቴ እንድትቀበል ጠበቁ። እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች። ጎረቤታችን ሌላ ግጥም ጨመረች፤ ደግሞ ሌላ። በኋላ ድምፅዋ ተሰላቸ።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ልቀዳ ስወጣ በጓሮ በኩል ሰማሁ።

«የእናቷ ልጅ ሞታ አንድ ዘለላ እንባ?»

«ምነው፣ ተጣልተው ነበር እንዴ?»

«እኔ እንጃ» ትላለች ጎረቤታችን። «ብዙ ልቅሶ አውጥቻለሁ፤ እንዲህ ደረቅ ሐዘንተኛ አላየሁም። ግጥሜን ከግድግዳ ጋር አጋጨችብኝ እኮ!»

በማግሥቱም ያው ሆነ። እናቴ እህል አልቀመሰችም። ለቀስተኛው ገባ ወጣ ይላል፤ ይመለከታታል፤ እርስ በርሱ ይተያያል። ዕድሜዋን ሙሉ እንዳይወጣባት የፈራችው ስም በሌላ መንገድ ሊወጣባት ነበር፤ እህቷን ያላለቀሰች ሴት። እኔ ግን ከጎኗ ተቀምጬ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከነጠላዋ ሥር፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ትናገር ነበር። ለሰው ጆሮ የምታወጣበት አማርኛ አልነበራትም። በአማርኛ ጥጥ መሸጥ፣ ጤና ይስጥልኝ ማለት፣ ልጅ መገሠጽ ትችላለች። እህቷን በአማርኛ አውቃት አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን፣ በሠልስቱ፣ ጎረቤታችን ከጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለንፍሮ የሚሆን ስንዴ ትለቅም ነበር። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«እትዬ፣ እናቴ ደረቅ አይደለችም።»

«ማን አለ?»

«አንቱ ብለዋል።»

«ብዬ ይሆናል። ታዲያ ምን ልበል? ልጄ፣ እኔ ሐዘንተኛውን አይቼ ነው የምገጥመው። እናትሽ ምን ሰጠችኝ?»

«እናቴ የጭልጋ ቅማንት ናት። ከአክስቴ ጋር አንድ ቀን በአማርኛ ተጫውተው አያውቁም። የምታለቅስበት ቋንቋ ሌላ ነው፤ እናንተ ስለተቀመጣችሁ ፈርታ ነው።»

እጇ ስንዴው ላይ ቆመ።

«ማንን ነው የምትፈራው?»

«አንቱን።»

«እኔን? ግድግዳ ተጋርተን? አራስ ሆኜ ያረሰችኝን ሴት እኔ ምን አድርጌያት?»

«እንጨት ተሸካሚዎቹን ወፍ ይመስላሉ ብለው ነበር።»

ወደ ሰፌዱ ጎንበስ አለች። አንዲት ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

«ብያለሁ» አለች። «ብያለሁ። ይሄ አፍ መቼ አርፎልኝ ያውቃል!» ከዚያ ቀና ብላ በቁጣ አየችኝ። «አንቺስ ብትሆኚ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አፍሽን ይዘሽ ታስቀምጭናለሽ? እኔ ለቄሶች ስንቱን አላለቀስኩ፤ የፍትሐቱ ግእዝ ገብቶኝ ነው? ልቅሶ ምን ትርጉም አለው፤ ድምፁ ነው እንጂ!» ስንዴውን መሬት አስቀምጣ ተነሣች። «በእነሱ ‘እህቴ’ እንዴት ነው የሚባለው? እሱን ስጪኝ፤ ሌላውን እኔ ከእሱ እነሣለሁ።»

አላውቀውም ነበር። በግእዝ አውቀዋለሁ። በእንግሊዝኛ አውቀዋለሁ፤ ያን ቃል እንግሊዞች ዛሬ የሚጠሩበትን መልክ ያገኘው ከሰሜን በመርከብ ከመጡት ሰዎች መሆኑን እንኳ አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼንም አስተምሬበታለሁ።

«አላውቅም» አልኳት።

«አስተማሪ ነሽ አይደል እንዴ!» ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ገፋችኝ። «ነይ፣ ጠይቂያት።»

ቤቱ ውስጥ ጥቂት ሴቶች ነበሩ። እናቴ ፊት ተንበርክኬ በጆሮዋ ጠየቅኋት። ቀና ስትል ከእኔ ትከሻ በላይ ጎረቤቷን አየች፤ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ነግሬያታለሁ፣ እማዬ» አልኩ።

ጎረቤታችን ከጎኔ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልቅሶ ስታወጣ ከመቆም በቀር ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። «እቴ፣ በይ ንገሪኝ» አለቻት። «እኔ ነኝ የማወጣው፤ ቃሉን ማወቅ ይገባኛል።»

እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትንፋሽ ያህል፣ አለችው። ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታጠቀች፤ ዐይኗን ጨፈነች፤ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙት አድርጋ፣ በዚያ ሰፈሩን በሚያስነሣ ድምፅዋ ቃሉን ጮኸችው።

እናቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«አይደለም» አለቻት፤ ድምፅዋ ከቀናት ዝምታ የተነሣ ሻክሯል። «እንዲያ አይደለም። ከጉሮሮ ነው።» ከዚያም ልታሳያት አፏን ከፈተች።